ለእትዬ፣ ለማጂ እና አብራችሁን ለነበራችሁ ሁሉ

ስሙ የተመሰገነ ይሁን፣ ወንድሜ በሰላም አገሩ ገብቷል። አዲሱ ኩላሊትም ሥራውን እየሠራ ነው። ያለፍንበትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም።

እትዬ፣ ላንቺ ምን ይባላል? ከገላሽ ቆርሰሽ ሰጠሽው። ስላንቺ ልጽፍ ስል እንባዬ ይቀድመኛል። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ዛሬ ግን ስለ አንዲት የማታውቋቸው ሴት ልንገራችሁ። ዴልሂ የተከራየንበት ቤት ምድር ቤቱ ላይ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ማጂ ይላቸዋል፤ እኛም ማጂ አልናቸው። በየሳምንቱ የጎረቤት ሴቶች እሳቸው ጋ ተሰብስበው ኪርታን የሚባለውን የሂንዱዎች የአምልኮ መዝሙር ይዘምራሉ። ማጂ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው የሃርሞኒየሙን ወናፍ ይገፋሉ፣ በቀኛቸው ይጫወታሉ። አንዷ ዶላክ የሚባለውን ከበሮ ትመታለች፤ ሌላዋ ትንንሽ የናስ ሳህኖች ታጋጫለች። ማጂ አንድ ሐረግ ያወጣሉ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ሲጀመር ዝግ ያለ ነው። እየቆየ ይፈጥናል፣ ይግላል፣ ቤቱ ይሞላል።

እኔ በዚያ ሰሞን ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ማውራት ይከብደኛል፤ ማልቀስ እንኳ እምቢ ብሎኛል። ማጂ ደረጃው ላይ አዩኝና እጄን ይዘው አስገቡኝ። በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የእናንተን አማልክት ስም አልጠራም» አልኳቸው። ቅር አላላቸውም። ባጋቫታ ፑራና የሚባለው መጽሐፋቸው ዘጠኝ የፍቅር አምልኮ መንገዶች ይቆጥራል። የመጀመሪያው መስማት ነው፣ መዘመር ሁለተኛ። «እንግዲያው አንቺ ቁጭ ብለሽ ስሚ» አሉኝ። ለአምላካቸው የቀረበውን ምግብ እንደማልበላ ሲያውቁም ለብቻዬ ሻይ ያፈሉልኝ ጀመር። እንዲህ ያለ አክብሮት ከየት ይገኛል?

ዮጋ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሰውነት ማጠፍና መዘርጋት ነው። ለማጂ ትልቁ ዮጋ ባክቲ ነው፤ በፍቅር ወደ ፈጣሪ መቅረብ። ኪርታን ደግሞ የልብ መክፈቻው ነው ይላሉ። እኔም አይቼዋለሁ። መሪዋ ስታወጣ አየር ትስቢያለሽ፣ ስትቀበዪ ረጅም ትንፋሽ ታወጪያለሽ። ይሄ ሲደጋገም ደረትሽ ሳታውቂው ይላላል። በፈረንጆቹ 1486 ቤንጋል ውስጥ፣ ናባድዊፕ የተወለዱት የሂንዱ መንፈሳዊ መምህር ቻይታንያ ኪርታንን ከቤት ወደ መንገድ አውጥተው ሕዝቡን በአንድ ላይ እንዳዘመሩት ማጂ ሲተርኩ ፊታቸው ያበራል።

በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ሃርሞኒየሙን ወደ እኔ አዞሩና «ዛሬ አንቺ አውጪ፣ የራስሽን» አሉኝ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ አልኩ። ተቀበሉኝ! እነዚያ ሴቶች በሂንዲ አንደበታቸው ግእዙን መለሱልኝ። ማጂ ዜማውን በጣታቸው ፈልገው አገኙት። እንደ ሥርዓታችን 41 ላደርስ በጣቴ እየቆጠርኩ ሳለ መሃል ላይ ለቅሶ አሸነፈኝ። ዝም አላሉም። እስክመለስ ድረስ እነሱ እያሉ ጠበቁኝ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ማጂ፣ እናቴ፣ ይህን ለመክፈል አቅሙ የለኝም። እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።

«እዚያ ቤት ምን ወሰደሽ?» ያላችሁኝ አላችሁ። ሃይማኖቴን አልለወጥኩም። በጨነቀኝ ቀን ጸሎቴን የተቀበሉኝን ሰዎች ግን አልክድም።

ሐኪሞቹና ነርሶቹ፣ ደም የለገሳችሁ የዴልሂ ተማሪዎቻችን፣ ከዱባይና ከዋሽንግተን ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ የሰፈራችን እድርተኞች፣ በጸሎት ያሰባችሁን አባቶች፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልን። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፤ ከልቤ ስላልወጣችሁ ይቅር በሉኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እናታችን ቤት ጸበል ጻዲቅ አለ። ማጂ እግዚኦታውን በእኛ ሰው ድምፅ መስማት እንደሚፈልጉ ልከውብኛል። አብረን ብለን፣ ቀርጸን እንልክላቸዋለን። እንዳትቀሩ።