ደብዳቤ ለልጄ፦ «ነበሩ» ብለሽ እንዳታስተምሪያቸው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው ስንደዋወል ለሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችሽ ስለ ታንክስጊቪንግ፣ ስለ አሜሪካ የምስጋና በዓል፣ ምን እንደምትነግሪያቸው ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ አደራ አለኝ። የዚህ አገር ነባር ሕዝብ ስለሆኑት ስለ ዋምፓኖግ ሰዎች ስታወሪ «ነበሩ» ብለሽ እንዳታቆሚ። አሉ። እዚሁ ማሳቹሴትስ፣ ኬፕ ኮድ ላይ ማሽፒ ውስጥ፣ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ላይ ደግሞ አኲና ውስጥ ይኖራሉ። አንቺ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ልጆች አንዱ ከእነሱ ወገን ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ዘመዶቹ እንደጠፋ ሕዝብ ሲወሩ እንዲሰማ አልፈልግም።

ታሪኩንም ከመርከቧ አትጀምሪው። እንግሊዛውያን ሰፋሪዎችን ያመጣችው ሜይፍላወር በ1620 ሳትደርስ በፊት፣ ከ1616 እስከ 1619 ባሉት ዓመታት፣ ከአውሮፓውያን ጋር የመጣ ወረርሽኝ የባሕር ዳርቻውን ሕዝብ ፈጅቶት ነበር። ዛሬ ፕሊመዝ የምንለው ከተማ ፓቱክሴት የሚባል የዋምፓኖግ መንደር ነበር። እንግሊዞቹ የሰፈሩት ባለቤቶቹ ያለቁበት የእርሻ መሬት ላይ ነው።

መጽሐፎቹ ስኳንቶ የሚሉት ቲስኳንተም የዚያ መንደር ልጅ ነው። በ1614 አንድ እንግሊዛዊ ካፒቴን ከሌሎች ጋር አፍኖ ስፔን ወስዶ ለባርነት ሸጠው። ከዚያ አምልጦ እንግሊዝ አገር ኖረ፤ በ1619 ወደ አገሩ ሲመለስ ከመንደሩ የተረፈ ሰው አልጠበቀውም። እንግሊዝኛ የቻለው በዚህ መንገድ ነው። በቆሎ አተካከል ያስተማረ ደግ ሰው ተብሎ ብቻ ሲታለፍ በጣም ይከነክነኛል።

ማሳሶይት በሚለው ማዕረጉ የሚታወቀው መሪ ኡሳመክዊን፣ በማርች 1621 ከእንግሊዞቹ ጋር ውል ያሰረው ዝም ብሎ እንግዳ ወዳጅ ስለሆነ አይደለም። የእሱ ሕዝብ በበሽታው ተመናምኗል። በምዕራብ በኩል ያሉት ናራጋንሴት የሚባሉት ሕዝቦች ግን ብዙም አልተነኩም። ጠመንጃ ያለው አጋር አስፈለገው። ይህንን ልጆቹ ይረዱታል ብዬ አምናለሁ፤ ሰፈር ውስጥ ጉልበተኛ ያለበት ልጅ ሁሉ ይገባዋል።

የበዓሉ መነሻ ስለሚባለው ግብዣ ያለን ማስረጃ ጥቂት መስመር ነው። ኤድዋርድ ዊንስሎው የሚባል ሰፋሪ በ1621 በጻፈው ደብዳቤ፣ ኡሳመክዊን ዘጠና ያህል ሰዎች ይዞ እንደመጣ፣ ሦስት ቀን አብረው እንደበሉና የእሱ ሰዎች አምስት አጋዘን አድነው እንዳመጡ ይናገራል። ይኸው ነው። ሌላው ጌጥ ሁሉ በኋላ የተጨመረ ነው።

ልጆቹ ገና ትንንሽ ስለሆኑ ጦርነቱን በዝርዝር አትንገሪያቸው። አንቺ ግን እወቂው። ከግብዣው ሃምሳ ዓመት አለፍ ብሎ፣ በ1675 የኡሳመክዊን ልጅ ሜታኮም መሬታቸው እያለቀ ሲሄድ በእንግሊዞቹ ላይ ጦር አነሳ። በ1676 ተገደለ፤ የተቆረጠ ጭንቅላቱም ፕሊመዝ ላይ እንጨት ላይ ተሰክቶ ለዓመታት ቆየ። ትንሹ ልጁን ለባርነት ሸጡት። የተማረኩ ብዙ ሰዎችም ባሕር ማዶ ተሸጡ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። በ1663 ካምብሪጅ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። በአሜሪካ ምድር የታተመ የመጀመሪያው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ሲሆን፣ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ አይደለም፤ በዋምፓኖጎች ቋንቋ ነው። ሰባኪው ጆን ኤሊየት በአገሬው ሰዎች እርዳታ ያሳተመው ሊያጠምቃቸው ፈልጎ ነው። እነሱ ግን ፊደሉን ለራሳቸው ጉዳይ ተጠቀሙበት። ኑዛዜ ጻፉበት፣ የመሬት ውል ጻፉበት፣ ለመንግሥት አቤቱታ አቀረቡበት።

ቋንቋው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ተናጋሪ አጣ። ከመቶ ዓመት በላይ አፉን የፈታበት ልጅ አልነበረም። በ1993 ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ የምትባል የማሽፒ ሴት ከሌሎች ጋር ሆና ቋንቋውን የማስመለስ ሥራ ጀመረች። ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከቋንቋ ሊቁ ኬኔት ሄል ጋር ሠራች። እነዚያን አሮጌ ውሎችና ያንን መጽሐፍ ቅዱስ እያገላበጡ፣ ከዘመድ ቋንቋዎች ጋር እያመሳከሩ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። የራሷ ልጅም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትናገረው አደገች። ዛሬ ማሽፒ ውስጥ ትንንሽ ልጆች በዚሁ ቋንቋ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ። አማርኛ እንዳትረሺ ቅዳሜ ቅዳሜ የለፋነውን ታውቂያለሽ፤ እኛ ግን የሚናገር አገር ነበረን። እነሱ የነበራቸው ወረቀት ብቻ ነው። ይህን ሳስብ እጅግ ይገርመኛል።

የመሬቱ ነገር ደግሞ እስከ ትናንት ድረስ ያልተዘጋ ነው። ማሽፒዎች በ1976 መሬታቸውን ለማስመለስ ከሰሱ። ጎሳ መሆናችሁን አስረዱ ተባሉ። በ1978 የቦስተን ጁሪ ፈረደባቸው። የፌዴራል መንግሥቱ አኲናን በ1987፣ ማሽፒን በ2007 በሕግ እንደ ጎሳ አወቃቸው። በ2015 ለማሽፒ 321 ኤከር መሬት በመንግሥት ጥበቃ ስር ተመዘገበ። ማርች 2020፣ ሁላችንም በኮሮና ቤት ተዘግተን ሳለን፣ ይህ ምዝገባ ይሰረዛል ተባለ። እንደገና ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በዚያው ዓመት ጁን ላይ ዳኛው ለእነሱ ፈረደ፣ በ2021 መጨረሻም መሬቱ ጸና። በገዛ አገራቸው በየትውልዱ ማንነታቸውን በወረቀት እንዲያረጋግጡ መጠየቁ ለእኔ ትልቅ በደል ነው።

ለክፍልሽ የሚሆን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። የወረቀት ላባ አክሊል እንዳታሠሪያቸው፤ ያ ረጅም አክሊል የሌላ፣ የሩቅ ሜዳ ሕዝቦች ነው። ሾጣጣ ድንኳንም እንዲስሉ አታድርጊ። የዋምፓኖጎች ቤት በቅርፊትና በሰሌን የተሸፈነ ጉልላት ያለው ጎጆ ነው። በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ አንድ ላይ እንዴት እንደሚተክሉ አሳዪያቸው፤ ባቄላው የበቆሎውን አገዳ ይዞ ይወጣል፣ ዱባው ደግሞ መሬቱን ይሸፍናል። ዘሩን አምጪና በየኩባያው ይትከሉ።

በተረፈ በታንክስጊቪንግ ቀን ረፋዱ ላይ አትምጪ፤ እኛ ወደ አንቺ እንመጣለን። ፕሊመዝ ኮልስ ሂል ላይ፣ የማሳሶይት ሐውልት ካለበት፣ ከ1970 ጀምሮ በየዓመቱ የሐዘን ቀን ይዘከራል። የተጀመረው በዚያ ዓመት ፍራንክ ጄምስ የተባለ የአኲና ዋምፓኖግ በመንግሥት በዓል ላይ ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዞ፣ ጽሑፉ ቀድሞ ሲታይ ስለተከለከለ ነው። እኩለ ቀን ላይ ይጀምራል። ቆመን እንሰማቸዋለን፤ ምሳ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አባትሽ