የሱንግቦ ኤሬዶ የንግሥተ ሳባ ሥራ አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

«የንግሥተ ሳባ ከተማ ናይጄሪያ ውስጥ ተገኘ» የሚለው ወሬ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለምን ከዞረ ወዲህ ጋብ ይልና ደግሞ ይነሣል። በወሬው የሚነገርለት፣ ሱንግቦ ኤሬዶ የሚባለው የአፈር ሥራ በእርግጥ አለ፤ እጅግም ያስደንቃል። የማክዳ ነው መባሉ ግን ከዘመኑም ከአፈ ታሪኩም ጋር አይገጥምም። ነገሩ እኛን በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ በዝርዝር መጻፍ ያስፈልጋል።

ሱንግቦ ኤሬዶ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ፣ ከዮሩባ ወገን በሆኑት በኢጄቡ ሕዝብ አገር ነው። የኢጄቡ ኦዴን ከተማ ከነዙሪያዋ የሚከብብ ጉድባ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የከበበው መሬት ከሰሜን ወደ ደቡብ 40፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጉድባው የወጣው አፈር በውስጥ በኩል ተከምሮ ጉድባና ክምር ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከውጭ የመጣ ሰው ቁልቁል ወርዶ፣ ከዚያ በእጥፍ ሽቅብ መውጣት ነበረበት። «20 ሜትር ግንብ» እየተባለ የሚጻፈው ስሕተት ነው። ልኩ የተወሰደው ከጉድባው ወለል እስከ ክምሩ አናት ነው፤ ያውም እምብዛም ባልፈረሰበት ቦታ። ቀዩ ላተራይት አፈር ሲቆፈር ይታዘዛል፣ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል፤ የጉድባው ግድግዳ በደን ተውጦ እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ጠፍቶ ነበር የሚባለውም ለውጭ ሰው ነው፤ ኢጄቡዎች መቼም አጥተውት አያውቁም።

ቦታውን ለዓመታት ያጠኑት እንግሊዛዊው ፓትሪክ ዳርሊንግ የተቆፈረውን አፈር 3.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ገምተውታል። ይህን የሰሙ ሁሉ «ታላቅ ግዛት ያላት ንግሥት ካልሆነች ማን ይችለዋል?» ይላሉ። እስቲ እናስላው። አንድ ሰው በቀን አንድ ሜትር ኩብ ብቻ ቆፍሮ ያወጣል እንበል። 5,000 ሰው ዝናብ በሌለበት ወራት በዓመት 100 ቀን ቢሠራ በ7 ዓመት ያልቃል። ለዚህ በደንብ የተደራጀ መንግሥት ይበቃል፤ የሩቅ ንግሥት አያስፈልግም።

አፈ ታሪኩን ደግሞ ደህና አድርገን እንስማው። ኢጄቡዎች አስቆፈረችው የሚሏት ቢሊኪሱ ሱንግቦ ባሏ የሞተባት፣ ሀብታምና ልጅ ያልወለደች ሴት ነች፤ መታሰቢያዋ እንዲሆን አስቆፈረችው ይላሉ። መቃብሯ አለበት የሚባለው የኦኬ ኤሪ መንደርም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሳለምበት ቦታ ነው። «ቢሊኪሱ» የእስልምና ትውፊት ለንግሥተ ሳባ ከሰጠው «ቢልቂስ» ከሚለው ስም የመጣ ነው፤ ከሳባ ጋር ያያያዛትም ይኸው ስም ነው። የእኛ ማክዳ ግን የቀዳማዊ ምኒልክ እናት ናት! ልጅ ያልነበራትን የኢጄቡ ሴት ከእርሷ ጋር አንድ ማድረግ ሁለቱንም ትውፊት ማፍረስ ነው።

ዘመኑ ከዚህ የባሰ ይራራቃል። ሰሎሞን የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ዳርሊንግ ኤሬዶን ያስቀመጡት ከክርስቶስ ልደት በኋላ 1000 ዓመት ገደማ ላይ ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላ የተደረጉ ቁፋሮዎች ደግሞ ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያወርዱታል። በጥንቱ ግምት እንኳ ቢሄዱ በመካከሉ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል አለ።

የሊቃውንቱ ግምት እርስ በርሱ ለምን ተለያየ? አፈር በራሱ ዕድሜውን አይናገርም፤ በካርቦን 14 የሚለካው በውስጡ የተገኘ ከሰል ወይም ፍሬ ነው። ትክክለኛው መንገድ ክምሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ መቆፈርና ከሥሩ የተቀበረውን የቀድሞ ገጸ ምድር መድረስ ነው። እዚያ የተገኘ ከሰል «ከዚህ በፊት አልተሠራም» ያሰኛል። በጉድባው ወለል ላይ መጀመሪያ የተኛው ደለል በበኩሉ «ከዚህ በኋላ አልተሠራም» ያሰኛል። እውነቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ችግሩ ብዙ ነው። ከሰሉ ከትልቅ ዛፍ እምብርት የመጣ ከሆነ ከሥራው በመቶዎች ዓመታት ሊቀድም ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ዓመት የሚበቅል ነገር፣ ለምሳሌ የዘንባባ ዘይት ፍሬ ቅርፊት፣ ይመረጣል። ሥርና ምስጥ ከሰሉን ከላይ ወደ ታች ያወርዱታል። ጉድባው በየጊዜው ተጠርጎ ከነበረ ደግሞ የታችኛው ደለል የሚናገረው የመጨረሻውን ጠረጋ ዘመን ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ፣ አንድ ቦታ ላይ የተገኘ ዘመን ስለ 160 ኪሎ ሜትሩ በሙሉ አይመሰክርም። ስለዚህ «ዕድሜው ይህን ያህል ነው» የሚል ዜና ሲደርሳችሁ ናሙናው ከክምሩ ሥር ነው ወይስ ከጉድባው፣ ከሰል ነው ወይስ ፍሬ፣ ከስንት ቦታስ ተወሰደ ብላችሁ ብትጠይቁ አንባቢውን ትረዳላችሁ።

ይህ በእኛም አገር ያለ ነገር ነው። አክሱም ያለው ዱንጉር «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» እየተባለ ይጎበኛል፤ ፍርስራሹ ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ የመጣ ነው። ትውፊቱ ክቡር ነው፣ ሕንፃውም ክቡር ነው፤ ዘመናቸው ግን ለየቅል ነው።

ናይጄሪያ ኤሬዶን እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ አስገብታዋለች። ያም ሆኖ መንገድ፣ እርሻና ቤት እየቆረሱት ነው። ክምሩ አንዴ ከተናደ በሥሩ የተቀበረው ገጸ ምድር አብሮ ይገለበጣል፤ በዚያ ቦታ ላይ ማን መቼ እንደቆፈረው የሚመሰክረው ከሰልም ከዚያው ጋር ይሄዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢዎች