ለሰፈራችን ካዴቶች ቃሬዛ እንግዛላቸው

ባለፈው ቅዳሜ የሰፈራችን ካዴቶች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰለፉ የመጀመሪያ እርዳታ የሚማሩት የሰፈሩ ልጆች፣ የተጎዳ ሰው ማንሳት ይለማመዱ ነበር። ቃሬዛ የላቸውም። ሁለት አጣና አመጡ፣ ከአንዷ እናት ጋቢ ተዋሱ፣ ጠቅልለው "ቁስለኛውን" ጫኑበት። አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ጋቢው ተንሸራተተና ቁስለኛው መሬት ላይ ተዘረጋ። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ላይ ሳስበው ግን አላሳቀኝም።

የ2012ቱን ጥምቀት ጎንደሬ አይረሳውም። አጼ ፋሲል መዋኛ ላይ ሰው የተቀመጠበት የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ሰው ሞቶብናል። እንዲህ ባለ ቀን ጉልበት ያለው ሞልቷል። የሚቸግረው የት ቆሞ መንገድ እንደሚያስከፍት፣ የወደቀውን ሳይጎዳ እንዴት እንደሚያነሳ የሚያውቅ ነው።

"ካዴት" የሚለው ስም ያስደነገጣችሁ ወላጆች አላችሁ። በዚህ ጊዜ ማን አይደነግጥም? እንግዲህ በግልጽ ልናገር፤ ጠመንጃ የለም፣ የፖለቲካ ስብሰባ የለም፣ ወዴትም የሚላክ ልጅ የለም። ልጁ የሚመጣው ወዶ ነው፤ ወላጁ ሳይፈቅድም አንመዘግበውም። ሰልፉ ራሱ ከሃያ ደቂቃ አያልፍም። ከዚያ የመጀመሪያ እርዳታ ይማራሉ፣ የሰፈሩን ቦይ ይጠርጋሉ። በፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ቀን ደግሞ አቅም ላነሳቸው እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ያደርሳሉ።

ዘግይቶ የመጣ አይሰደብም፣ አይመታም፤ መጥረጊያ ይይዛል። አንዱ ልጅ አራት ቅዳሜ ተከታትሎ ጠረገ። በአምስተኛው ከሁላችንም ቀድሞ ደርሶ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አሁን ፊሽካ የሚነፋው እሱ ነው። (እናቱ "ቤት ውስጥም አላስቀምጥ አለን" ብላ ከሳኛለች።)

የሚያስፈልገን ቢያንስ ሁለት ቃሬዛ፣ ፋሻ፣ ጓንት፣ በግርግር መሃል የሚለዩበት አንጸባራቂ ሰደርያ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ጫማው ነው፤ ግማሾቹ በነጠላ ጫማ ነው የሚሰለፉት። አዲስ ይሁን አላልንም፤ ልጃችሁን የጠበበው ስኒከር ይበቃል። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ዩኒፎርሙን በነፃ ሊሰፋልን ቃል ገብቷል። የቀረን ካኪ ጨርቁ ብቻ ነው። ጎንደር ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር የኖረች ከተማ ናት። ነርስና ሐኪም የሆናችሁ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ብትሰጡን ከገንዘባችሁ ይበልጥብናል።

ገንዘቡን እኛ አንይዘውም። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ ቆርጠው ይቀበላሉ፤ የተገዛውም ዕቃ ከነዋጋው በወሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። ሃምሳ ብርም ብትሆን አትናቋት። ቃሬዛው ግን ከከተራ በፊት ቢደርስልን ደስ ይለናል።

ልጆቹን ማየት የምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ኑ። አትዘግዩ ታዲያ፤ መጥረጊያው ለእንግዳም አይቀርም።