ጥዱን የሚያደርቀው ጥማት ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሱሉልታ አካባቢ ዛፍ ያለን ሰዎች የፈረንጅ ጥዳችን ሲቀላ «ውኃ ጠምቶት ነው» ብለን ማለፍ ለምደናል። ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጎ ላየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወደ ግንዱ ያለው ቅጠል ቀድሞ ይደርቃል፤ ቀንበጡ ላይ ቡናማ ክሽክሽ (የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት) ተደርድሮ ይታያል፤ እጅ ላይ የሚጣበቅ ፈሳሽ ይተዋል፤ ጉንዳኑም እሱን እየላሰ ይመላለሳል። ቆይቶ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ያለብሰዋል።

ይህ ተባይ መጤ ነው። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ላይ ነበር። ሀገር በቀሉን ጥድም አይምርም (የቤተ ክርስቲያን ደን ያላችሁ ልብ በሉ)። ክሽክሹ ውስጥ እንቁላል ጥሎ የሚገድለውን ጥቃቅን ተርብ ኬንያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አስመጥታ ለቃለች። እኛ ጋ መፍትሔው መጥረቢያ ሆኗል፤ የደረቀው ማገዶ ይሆናል፣ በምትኩ ያንኑ ዝርያ መልሰን እንተክላለን።

የግብርና ባለሙያዎች ችግኙ ከመሸጡ በፊት ቅጠሉን ገልጠው ቢያዩልን ምን አለበት? ባለ ዛፉም አንድ ዓይነት ብቻ ከሚደረድር ወይራና ኮሶ ቢቀላቅልበት ይሻለዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ