ያልቆረጡት ሞዴል 19

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከረሙ አባባ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የዱባይ ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረኝ። የሆቴሉ ላውንደሪ ውስጥ ደግሞ ከውጭው ይብሳል። አንሶላው ከማሽኑ ሲወጣ እንፋሎቱ ፊት ይልጣል። ግን ለምጄዋለሁ፤ አያስቡ።

ይህን የሚያነብልዎ ታናሼ ነው። አንተ፣ አትቸኩል። አራት ነጥቡ ላይ ቆም በል። አባባ ጥድፊያ አይወዱም።

እማዬ ስለ ዓይንዎ ነግራኛለች። ሐኪሙ ሞራው ይገፈፋል ካለ ይገፈፋል። ብሩን በዚህ ወር መጨረሻ እልካለሁ። "ለእኔ ዓይን ብላ እንዳትቸገር" ያሉትን እንዳልሰማሁ ይቁጠሩት።

ዛሬ የምጽፍልዎም ስለ አንድ የዓይን ሐኪም ነው። ሆሴ ሪዛል ይባላል፤ ፊሊፒናዊ ነው። የገዛ እናቱን ዓይን በራሱ እጅ ኦፕራሲዮን አድርጓል። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 30 ቀን 1896 ማኒላ ላይ በጥይት ተረሸነ። ዕድሜው 35 ነበር። ክሱ ዓመፅ አነሳስቷል የሚል ነው። ጠላት ያፈራበት ግን ሁለት ልብ ወለድ መጻሕፍት ስለጻፈ ነው።

መጻሕፍቱን ያገኘኋቸው አብራኝ ከምትኖረው ፊሊፒናዊት ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች። "አቴ" ነው የምላት። በአገሯ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። በአገራቸው በፈረንጆቹ ከ1956 ጀምሮ የሪዛልን ሕይወትና መጻሕፍት ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ በሕግ ተደንግጓል። አቴ በልጅነቷ ለፈተና ብላ አነበበቻቸው። እዚህ ስደት ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ገዝታ እንደገና አነበበቻቸው። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። ከሥራ ስመለስ በእግሬ መቆም አቅቶኝ እንኳ ሳላነብ አልተኛሁም።

የመጀመሪያው "ኖሊ ሜ ታንገሬ" ይባላል። "አትንኪኝ" ማለት ነው፤ እርስዎ ከወንጌል ያውቁታል። በ1887 በርሊን ላይ ታተመ። ሪዛል ያን ጊዜ የሚበላው እንኳ አልነበረውም። አንድ ጓደኛው 300 ፔሶ አበድሮት ነው 2,000 ቅጂ ያሳተመው። የማተሚያው ሂሳብ እንዲቀንስለት ብሎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አውጥቶ ጥሏል።

አገሩ ያኔ በስፔን እጅ ነበረች። በየከተማው ትልቁ ሥልጣን የመነኮሳቱ ነው። መሬቱም የእነሱ፣ ፍርዱም እነሱ እንዳሉት። በመጽሐፉ ውስጥ ክሪስፒን የሚባል ትንሽ ልጅ አለ። ከወንድሙ ጋር ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። ደመወዛቸው በወር 2 ፔሶ ነው። አንድ ቀን 32 ፔሶ ሰርቀሃል ተባለ። ልጁ በዕድሜው እንዲህ ያለ ገንዘብ አይቶ አያውቅም። ደበደቡት። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ያየው የለም። እናታቸው ሲሳ ለልጆቿ እራት ሠርታ ስትጠብቅ ነበር። በማግስቱ "የልጆችሽን ዕዳ ክፈዪ" ብለው ወታደሮች መጡባት። በሁለት ወታደር መሃል አድርገው ሰው ቅዳሴ ጨርሶ ሲወጣ በከተማው መንገድ ነዷት። ቀና ብላ የማታውቅ ሴት ናት። ያ ውርደት አእምሮዋን አሳታት።

እዚያ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። አቴ ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። የሪዛል እናትም በሐሰት ተከሰው ነበር። ሰው ለመመረዝ ሞክረሻል ተብለው ከሪዛል የትውልድ ከተማ ከካላምባ እስከ ሌላ ከተማ ድረስ በእግራቸው ተነዱ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ታሰሩ። ሪዛል ያኔ የ10 ዓመት ልጅ ገደማ ነበር። በኋላ ያከመው የእኚህን እናት ዓይን ነው።

አባባ፣ እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቀን በስድስት ሰዓት ቤት መጡ። በዚያ ሰዓት መጥተው አያውቁም። ጃንጥላዎን በሩ ላይ ሰቀሉ። የመጋዘኑ ቁልፎች የሚንጠለጠሉበት የቀበቶዎ ጎን ባዶ ነበር። እማዬ ሽሮ ታማስል ነበር፤ ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች። "አስረከብኩ" አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ነገሩን በኋላ ከሰው ነው የሰማሁት። ያልገባ 400 ኩንታል ሲሚንቶ ነበር። "ገቢ ሆኗል ብለህ ሞዴል 19 ቁረጥ" አሉዎት፤ የዕቃ መረከቢያውን ደረሰኝ ማለታቸው ነው። "ዕቃውን ሳላይ አልቆርጥም" አሉ። በሦስተኛው ወር እርስዎ ላይ ጉድለት ተገኘ ተባለ። የሚሰርቁት ሰዎች እርስዎን ሌባ አሉዎት። ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። በነፃ ሲለቀቁ ሥራው የለም፤ ጡረታውም ተንጠልጥሎ ቀረ። እማዬ እንጀራ ጋግራ መሸጥ ጀመረች። ሰፈሩ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይል ነበር። እኛ ፊት ነበር የሚሉት።

እኔም አልኩት። በ19 ዓመቴ፣ ለፓስፖርት ስሯሯጥ፣ "ቢቆርጡት ምን ነበረበት?" አልኩዎት። ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረጉት። ያንን ዕይታ ይዤ ነው አውሮፕላን የወጣሁት። እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኩም። ይቅር ይበሉኝ አባባ።

ነገሩ የገባኝ ቁጭ ብዬ ፊልም ሳይ ነው። ሊኖ ብሮካ የሚባል ፊሊፒናዊ ዳይሬክተር በፈረንጆቹ 1975 የሠራው ነው። ኤድጋርዶ ሬየስ ከጻፈው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ አርዕስቱ "በብርሃን ጥፍሮች ውስጥ" እንደማለት ነው። ከገጠር የመጣ ወጣት ማኒላ ውስጥ የቀን ሥራ ይገባል። ሲሚንቶና ድንጋይ ይሸከማል። ፔሮሉ ላይ በቀን 4 ፔሶ ይላል። እጁ ላይ የሚሰጡት 2.50 ነው። 4 ተቀበልኩ ብሎ ይፈርማል። ካልፈረመ በማግስቱ ሥራ የለም። አቴ "አየሽ፣ አገራችን እንዲህ ነው የምትበላው" አለችኝ። ሌብነት ማለት ካዝና ሰብሮ መግባት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌብነቱ የሚያልቀው አንድ የራበው ሰው እስክሪብቶ ሲያነሳ ነው። እርስዎ ልጆችዎ እየራባቸው እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡት።

አሁን ከሁሉ የወደድኩትን ልንገርዎ። የሪዛል ሁለተኛው መጽሐፍ "ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ" ይባላል፤ በ1891 የወጣ ነው። ታሌስ የሚባል ገበሬ አለበት። ጫካ መንጥሮ መሬት አቀና። ንዳድ ሚስቱንና ታላቅ ሴት ልጁን ገደለበት። የመጀመሪያው አዝመራ ሊደርስ ሲል መነኮሳቱ መጡና "መሬቱ የእኛ ነው" አሉ። ግብር ጣሉበት። አባቱ ሽማግሌው ሴሎ ትዕግሥተኛ ናቸው። "ልጄ፣ ገንዘቡ ውሃ ውስጥ ወድቆ አዞ ዋጠው በል" ይሉታል። በሚቀጥለው ዓመት ግብሩ ጨመረ። ያን ጊዜ ደግሞ አዞው አደገ ብሎ መቻል ነው። እንዲህ እያለ እስከ 200 ፔሶ ደረሰ። በመጨረሻ ታሌስ አመረረ። "መሬቱ የእናንተ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አምጡ፤ ያኔ እከፍላለሁ" አለ። ወረቀት የላቸውም። ዳኞቹም ወረቀት እንደሌላቸው ያውቃሉ። ግን እንጀራቸውን ፈርተው ለመነኮሳቱ ፈረዱ።

"ወረቀቱን አምጡ" ሲል እርስዎን ሰማሁ። "ዕቃውን ሳላይ አልቆርጥም" ካሉት ጋር አንድ ነው።

ታሌስ ግን መጨረሻው ሽፍትነት ነው። ሪዛል ይህንን ሲጽፍ ልብ ወለዱ እውነት ሆኖ አለቀ። በዚያው ዘመን በካላምባ መሬቱ የመነኮሳት ነበር፤ የሪዛል ቤተሰቦችና ጎረቤቶቻቸው በወታደር ከቤታቸው ተባረሩ። ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ደራሲው ታሪኩን ያቆማል። ወደ ካላምባ ሰዎች ዞሮ ታሌስ የሚባል ከመካከላችሁ የለም ይላቸዋል። ቀጥሎ የእውነተኛ ሰዎችን ስም ይጠራል። የገዛ ወንድሙ የፓሲያኖ ስም እዚያ አለ። አባባ፣ ይህን ሳነብ ፀጉሬ ቆመ። ልብ ወለድ መሃል ቆሞ የተበደለውን ወንድሙን በስሙ መጥራት! ለእርስዎ እንዲህ የሚጽፍልዎ አልተገኘም። እኔም ብዕሬ ለደብዳቤ ብቻ ነው።

ስለ ክህደቱም ልጻፍ። እዚህ ላይ ታናሼ፣ እማዬ ካለች ትስማው። በኖሊ ውስጥ ክሪሶስቶሞ ኢባራ የሚባል ወጣት ከውጭ ተምሮ ይመጣል። አባቱ እስር ቤት ሞተውበታል። አስከሬናቸውንም ከመቃብር አስወጥተው ሐይቅ ጥለውታል። እሱ ግን በቀል ትቶ ትምህርት ቤት ሊሠራ ይነሳል። በሐሰት ዓመፅ ከሰሱት። ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ለእጮኛው ለማሪያ ክላራ የጻፈው ደብዳቤ ነው። አሳልፋ የሰጠችው ራሷ ናት። ክፉ ሆና አይደለም። የሟች እናቷን ምስጢር የያዘ ወረቀት አንድ መነኩሴ እጅ ውስጥ ነበር። አንዱን በአንዱ ለወጠች።

የታናሼ የክርስትና አባትም ሞዴል 19ኙን በእርስዎ ምትክ ቆረጡት። ከዚያም መጥተው መሰከሩብዎ። ቡና በቤታችን እየጠጡ ያደግንባቸው ሰው። ምን እንዳስፈራሯቸው አላውቅም። ስድስት ልጆች ነበሯቸው። እርስዎ ግን በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ "እንደምን ዋልክ" ይሏቸው ነበር። እኔ ፊቴን አዞር ነበር። ማሪያ ክላራን ይቅር ማለት ችያለሁ። እሳቸውን ገና ነኝ። እርስዎ እንዴት ቻሉበት? ይህን በእውነት እጠይቅዎታለሁ።

በዚያው መጽሐፍ ታሲዮ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ግማሹ ፈላስፋ ይላቸዋል፣ ግማሹ እብድ። እውነቱን ስለሚናገሩ ነው። ወዲያው ጉዱ ካሳ መጡብኝ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲያነብ ስለነበረው ጊዜ ሲነግሩን፣ ጉዱ ካሳ ጋ ሲደርሱ ድምፅዎ ይለወጥ ነበር። ታሲዮን ቢያውቋቸው ይወዷቸዋል።

አንድ ሌላ መጽሐፍም አለ። የሴት ደራሲ ነው፤ ሉዋልሃቲ ባውቲስታ ትባላለች። የፊሊፒንሱ ፕሬዚዳንት ማርኮስ በ1972 ወታደራዊ ሕግ ስላወጀበት ዘመን ነው። የምትተርከው አምስት ወንዶች ልጆች ያሏት እናት ናት። አንዱን ልጇን ፖሊስ ይዞት ይለቀዋል። ቤቱ ሳይደርስ ሬሳው ይገኛል። ገዳዩ አይታወቅም። መጽሐፉ በ1983 ሲወጣ ማርኮስ ሥልጣን ላይ ነበር። በእኛ አቆጣጠር 1975 ነው፤ ኦሮማይ የወጣበት ዓመት። ይህንን ለእማዬ ብዬ ነው ያነበብኩት።

አቴ ስለ አገሯ ስታወራ ሌባ ባለሥልጣንን "ቡዋያ" ትላለች። አዞ ማለት ነው። የሽማግሌው ሴሎ አዞ ከመጽሐፉ ወጥቶ አሁንም ይኖራል ማለት ነው። በ2025 እዚያ ትልቅ ጉድ ወጣ። ለጎርፍ መከላከያ ተብሎ ገንዘቡ ወጥቷል፤ ቦታው ላይ ግን ግድቡ የለም። በወረቀት አልቋል፣ በመሬት የለም። በፈረንጆቹ መስከረም 21 ቀን ሕዝቡ ማኒላ ላይ አደባባይ ወጣ። ወታደራዊ ሕግ የታወጀበትን ቀን መርጠው ነው። የአቴ እናት ቤት በየክረምቱ ውሃ ይገባዋል። አቴ በስልኳ ሰልፉን እያየች አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አንዱ ሰው "ግድቡን ሳላይ አልፈርምም" ብሎ ነበር ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ብሎ ከሆነ ዛሬ የት ነው? ልጆቹስ ምን ይሉታል?

አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ማን ምን እንዳለ፣ እርስዎ ምን እንደመለሱ ለታናሼ ይንገሩት። እሱ ይጻፈው። እኔ የማውቀው በሩ ላይ የተሰቀለውን ጃንጥላ ብቻ ነው።

ኦፕራሲዮኑ እስኪደረግልዎ እኔ አነብልዎታለሁ። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኔ ማታ በሁለት ሰዓት እደውላለሁ። እየተረጎምኩ ስለሆነ ቀስ ይላል። ከሽማግሌው ሴሎና ከአዞው እጀምራለሁ። ሬዲዮኑን ዝቅ አድርገው ይጠብቁኝ።

ልጅዎ፣
ከዱባይ