የአባባ ቮልስ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ሻል ብሎታል።

ወንድምሽ ፎቶውን በስልኩ አሳየኝ። የአያትሽ፣ የአባባ፣ ቮልስ በሮቿ ወልቀው፣ ወንበሯ ወጥቶ ጋራዥ ውስጥ ቆማለች። መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አየኋት። «እንደ አዲስ ልታሠራት ነው» አለኝ። ሙሉ ቀለም፣ የቆዳ ወንበር፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ሥራውን አስቁሚ። በስልክ ስናወራ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔም እቆጣለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩት። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ፦ የወለቀ ነገር እንዳይጣል። ብሎንም ብትሆን።

በመጀመሪያ ሕይወት የሚያጠፋውን ላንሳ። ሞዴሏ በፈረንጅ 1965 ነው። የዚያን ጊዜ ቮልስ የፍሬን መስመሩ አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። ይህን ይዘሽ ነው ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የምትወርጂው? ድልድዩ እስኪደረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ሸራው፣ ቧንቧው፣ ጎሚኒው ሁሉም ይቀየር። ወደ ሁለት መስመር ማስቀየርም ይቻላል፤ አስቀይሪ። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቢ።

ቀጥሎ የቤንዚን ቱቦው ነው። ሲያረጅ ይሰነጠቅና የጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው። ወለሉም አለ። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለሆነች አሲዱ ቆርቆሮውን በልቶታል። ልጅ ሆነሽ በቀዳዳው አስፋልቱን እያየሽ ስትስቂ ትዝ ይልሻል? እሱ ይበየድ። ባትሪዋም ክዳን ይደረግላት፤ የወንበሩ ሽቦ ከነካት እሳት ይነሳል።

6 ቮልቱን ወደ 12 መቀየርሽን አልቃወምም። በዚያ መብራት ማታ መንዳት አባባንም ያስቸግራቸው ነበር። አሮጌው ዲናሞና ሞተሪኖ ግን ተጠቅልሎ ወደ እኔ ይምጣ።

ሞተሯ 1200 ነው፣ 34 የፈረስ ጉልበት። ለእሷ ይበቃታል። «በ1600 እንቀይረው» የሚልሽ አይጠፋም፤ እምቢ በይ። ሞተሩን የከበቡት ቆርቆሮዎችና ጎሚኒዎች አንዳቸውም እንዳይጎድሉ። ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየር ነው። አየሩን የሚመሩት እነሱ ናቸው። አንዳንድ መካኒክ «ይሄ ምንም አይሠራም» ብሎ ይወረውራቸዋል። የወለቀ ነገር አይጣል ያልኩሽ አንድም ለዚህ ነው።

ሌላውን ምክንያት ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም።

አያትሽን፣ እምዬን፣ አልደረስሽባትም። ያረፈችው በ1976 ነው። መኪናዋ በተገዛች በዓመቱ፣ በ1964፣ «እኔም ልንዳት» አለች። በዚያ ዘመን ማርቆስ ውስጥ ሴት ስትነዳ ማየት ብርቅ ነበር። አባባ አልሳቁባትም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አውሮፕላን ሜዳ ወሰዷት። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ፣ የ14 ዓመት ልጅ ነኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ፔዳሉን ረገጠች። ሁለት ዙር ዞረች። በሦስተኛው አንዲት ላም ገባችባትና እሷን ስትሸሽ ባሕር ዛፍ ገጨች። በዝግታ ነበር፤ ጓ ብሎ ቆመ። ወርደን አየን። በግራው የፊት ፓራፋንጎ፣ ጎማውን በሚሸፍነው ቆርቆሮ ላይ፣ ከመብራቱ ከፍ ብሎ፣ የጭልፋ አፍ የሚያህል ጉድጓድ። እምዬ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። አባባ ጎንበስ ብለው አዩና «አይዞሽ፣ ዛፉ ደህና ነው» አሏት። ቤት እስክንደርስ ሳቀች።

ያንን አላስጠገኑትም። እሷ ካረፈች በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን ሲያጥቡ፣ እዚያ ሲደርሱ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጥለው በመዳፋቸው ነበር የሚያብሱት።

እኔስ ምን አደረግኩ? በ1984 በሁዳዴ፣ እሳቸው ዲማ ጊዮርጊስ ሱባኤ ገብተው ሳለ፣ ለፋሲካ ላስደስታቸው ብዬ ጋራዥ አስገባኋት። ውሃ ሰማያዊዋን ቀይ አስቀባኋት። ጉድጓዱን በስቱኮ አስሞላሁት። የሁለት ወር ደመወዜ ነው የሄደው። አባባ ሲመለሱ በር ላይ ቆማ አገኟት። ዞሯት። በግራ በኩል ሲደርሱ እጃቸውን አሳረፉ። መዳፋቸው ወዲያ ወዲህ አለ፤ ፈለጉት። ከዚያ «እጅህ ይባረክ ልጄ» ብለውኝ ገቡ። ቁልፉን ከዚያን ቀን ወዲያ ከሚስማሩ ላይ አላነሱትም። ሰባት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ እያልኩ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው በ1991 አረፉ።

አሁን ቀለሙ ሲፋቅ ስቱኮው ይለቃል። ጉድጓዱ ከሥሩ አለ። ቆርቆሮ ሠራተኛው «ልቀጥቅጠው?» ካለሽ «አይነካ» በይው። ዝገት እንዳይበላው ቀለም ይቀባና እንዳለ ይቅር። ቀዩ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይሂድ። የጥንቱ ቀለም ከፊት፣ ኮፈኑ ሲከፈት ከቤንዚን ታንከሩ ጀርባ አለ። እዚያ ቀዩ አልደረሰም። ያንን አይተው ያመሳስሉት። ሜታሊክ የሚባል ነገር አልፈልግም። ወንበሩም የተቀደደው ይሰፋ እንጂ ቆዳ አይልበስ። ቸርኬውም ያው የራሷ ይሁን።

እንቅልፍ የነሳኝን ደግሞ ልንገርሽ። የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን የሚፈታ ነው። በስቱኮ የተሞላውን ጥሎ ከሶማሌ ተራ ሌላ አምጥቶ ማሰር ለጋራዥ ቀላል ሥራ ነው። የላክሽውን ፎቶ አሥር ጊዜ አየሁት፤ ግራው ፓራፋንጎ መኪናዋ ላይ የለም። ወለሉ ላይ ከተከመረውም ውስጥ አላየሁትም። የት ነው ያለው? የእኔ እመቤት፣ ተቆጣኝ አትበይ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ከሥራ አስፈቅደሽ ሂጂ። የቆሻሻ ቆርቆሮ የሚከመርበትንም እዪ፤ ቁራሌው ወስዶት ከሆነ ተከታትለሽ ግዢው፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። ካገኘሽው ጋራዥ አትተዪው። በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ቤትሽ አስገቢና ደውዪልኝ። ሌሊትም ቢሆን ደውዪ፤ ስልኬ ትራስጌዬ ነው።

አባትሽ