የዮጋ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን መስከረም ላይ ሲመሠረት አባላቱ ይዘውት የመጡት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ደሴ ውስጥ ዮጋ የሚሠራበት፣ ለኮሌጅ ተማሪ ኪስ የሚሆን ቦታ የት ይገኛል? መልሱን ፍለጋ እስከ ታኅሣሥ ተንከራተትን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ የስፖርት ቤቶችን ዞርን። የገባንባቸው ክብደት የሚነሳባቸው ነበሩ፤ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ጸጥ ብሎ ለሚተነፍስ ሰው የሚሆን ጥግ የለም። የአንዱ ወርኃዊ ክፍያ ደህና ነበር፤ የባጃጅ ሲደመርበት ግን ከአቅም በላይ ሆነ። ሌላው ቦታ የገጠመን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። አሠልጣኙ ወደ ፊት ያጎነበሰች ተማሪያችንን «ገና ነሽ» ብሎ ጀርባዋን ተጫናት፤ ልጅቱ ሁለት ሳምንት ወገቧን ይዛ ክፍል ተመላለሰች። ስለዚህ ቦታ ለሚፈልግ ተማሪ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። አሠልጣኙ አዲስ ሰው ሲመጣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ወገቡ፣ ስለ ደም ግፊቱ ይጠይቃል? ሳያስፈቅድ ይነካል? የደከመውን እንዲያርፍ ይተወዋል? የአዳራሹ ማማር ከዚህ በኋላ የሚታይ ነው።

ቦታውን በመጨረሻ ያገኘነው በገዛ ግቢያችን ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው አሮጌ አዳራሽ የተሰበረ ወንበር ተከምሮ ነበር። ተማሪዎቹ ወንበሩን አውጥተው ወለሉን ሁለት ጊዜ አጠቡት። አስተዳደሩም ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ፈቀደልን፤ አዲስ አበባ ዮጋ የተማረች የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ባልደረባዬ ያለ ክፍያ ልታስተምር ተስማማች።

ምንጣፍ አልነበረንም። ሰሌን ብንዘረጋ ሲሚንቶው ላይ ተንሸራተተ፤ ስፖንጅ ቆርጠን ተካነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ መጀመሪያ ታጥፎ መቀመጫ፣ መጨረሻ ላይ መሸፈኛ ሆነ። ከባቲ የመጣች አንዲት ተማሪ እግሯን ዘርግታ የጣቶቿን ጫፍ መያዝ ቢያቅታት እናቷ የሰጠቻትን መቀነት በውስጥ እግሯ አዙራ ሁለቱን ጫፎች ያዘች። ጉልበቷ አልታጠፈም፣ ትከሻዋ ረገበ፣ ትንፋሿም ረዘመ። መምህርቷ ሁላችንም መቀነት ይዘን እንድንመጣ ያዘዘችው በዚያው ዕለት ነው።

«የሌላ ሃይማኖት ጸሎት አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከወላጆችም ከተማሪዎችም መጥቷል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዮጋ ሥሩ በጥንታዊት ሕንድ እምነትና ፍልስፍና ውስጥ መሆኑን ሳንደብቅ ነገርናቸው፤ እኛ የምንወስደው እንቅስቃሴውንና አተነፋፈሱን ብቻ ነው፣ ዝማሬ የለንም። ሁለት ተማሪዎች ይቅርብን አሉ፤ አከበርንላቸው። በጀርባ ተኝቶ የሚታረፍበት የመጨረሻው አቋም በሳንስክሪት ስሙ «ሬሳ» ማለት መሆኑን የሰሙ ጊዜ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ ስሙን አልተቀበሉትም። እኛ ዘንድ «ዕረፍት» ተብሏል።

ዘንድሮ ረመዳን የገባው በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለነበር ከየካቲት ማብቂያ ጀምሮ ክበቡ በሙሉ ጿሚ ሆነ። ከባዱን እንቅስቃሴ ትተን ለግማሽ ሰዓት ተቀምጠን መተንፈስና ጀርባ ማፍታታት ብቻ ሠራን፤ ሙስሊሞቹ ለማፍጠሪያ እንዲደርሱም ቀደም ብለን እንበተን ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ወር መገኘት የሞላበት ጊዜ አላየሁም።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2014 ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ብሎ የሰየመው ጁን 21 በእኛ ሰኔ 14 ነው። ዘንድሮ ቅዳሜ ዋለ። ማለዳ ሜዳው ላይ ፊታችንን ወደ ጦሳ ተራራ አዙረን «የፀሐይ ሰላምታ» የሚባሉትን ተከታታይ አሥራ ሁለት የዮጋ አቋሞች ሠራን። ሣሩ ጤዛ ነበር፤ ስፖንጆቹ ረጥበው ከሰዓት በኋላ አጥር ላይ ተሰጡ። ለ2018 አስተዳደሩን የምንጠይቀው የአዳራሹ ሁለት የተሰበሩ መስኮቶች መስተዋት እንዲገባላቸው ነው።